ስለ ቆሰለች የውሃ ኤሊ ሕክምናና ስለ ኩሬዋ መታደስ

በመቀሌ ከተማ፣ በድንጋይ አጥር በተከበበ ግቢ ውስጥ የውሃ ኤሊ የሚያኖር ሰው፣ እንስሳዪቱ በውሻ ተነክሳ ወይም ከእርከን ላይ ወድቃ ቅርፊቷ በተሰነጠቀ ጊዜ አሳቡ ሁሉ ወደ ቁስሉና ወደ መድኃኒቱ ይሮጣል እንጂ፣ ቁስሉን ያመጣው፣ ከዳነም በኋላ መልሶ የሚያመረቅዘው ኩሬው መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት ኩሬውን እንደ ነበረ ትቶ ኤሊዋን ብቻ ማከም ግማሽ ሕክምና ነው፤ ስለዚህም ከዚህ በታች የተጻፈው መመሪያ ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ ኩሬው የሚሄድ፣ ኤሊዋ በቤት ውስጥ በምትታከምባቸው ሳምንታት ኩሬውም አብሮ እንዲታደስ የሚጠይቅ ነው።

አስቀድሞ በእጅዎ ያለችው ኤሊ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነች መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን የሚታወቀው የኤሊ ነገድ ሁለት ነውና፣ አንዲቱ በውሃ የምትዋኝ ሥጋ በል፣ ሁለተኛዪቱ በየብስ የምትሄድ ሣር በል ናት። ቅርፊቷ ከፍ ብሎ የጎበጠና በጥቁርና በቢጫ የተዥጎረጎረ፣ እግሯም ወፍራም ሆኖ ጣቶቿ ያልተለዩ እንደ ሆነ፣ የየብስ ኤሊ ናትና ኩሬ አያሻትም፤ እንዲያውም ጥልቅ ውሃ ውስጥ ብትገባ ልትሰጥም ትችላለች። ቅርፊቷ ዝርግ፣ ጣቶቿ በቀጭን ቆዳ የተያያዙ፣ አንገቷንም በቀጥታ ወደ ውስጥ ሳትስብ ወደ ጎን አጥፋ በቅርፊቷ ጠርዝ ሥር የምትሸሽግ ከሆነች ግን፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከታት የውሃ ኤሊ እርሷ ናት። የዚህች ወገን ዘመድ የሆነችውን የኤርትራን የውሃ ኤሊ፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሐበሻ አገር የተዘዋወረው ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መዝግቦ ለዓለም አስታውቋታል። የውሃ ኤሊ በበጋ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ የምትሰነብት፣ ክረምት ሲገባ ውሃ በታቆረበት ሁሉ ብቅ የምትል፣ ስትያዝ የምትናከስና እጅግ የሚከረፋ ሽታ የምትለቅ ፍጥረት ናት፤ በክርፋቷ ተቆጥቶ የሚጥላት ሰው ካለ፣ ሽታው የፍርሃት እንጂ የበሽታ ምልክት አለመሆኑን ይወቅ።

ይህችን እንስሳ ከወንዝ ወይም ከክረምት ረግረግ ያነሣት ሰው፣ የአገሪቱ ሕግ የዱር እንስሳት ያለ ፈቃድ እንዳይያዙ የሚደነግግ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያውን ርዳታ ከሰጠ በኋላ የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባዋል።

ስለ ቁስሉ

ብዙ ሰው የኤሊ ቅርፊት እንደ ድንጋይ የማይሰማው ልብስ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ቅርፊቷ ከጎድን አጥንቷና ከጀርባ አከርካሪዋ ጋር የተዋሐደ ሕያው አጥንት ነው፣ ከላይ የሚታየው ቀንድ መሰል ሽፋን ብቻ ነው የማይደማው፤ ከሥሩ ደም ይዘዋወራል፣ ሕማምም ይሰማል። ሳንባዋ ደግሞ ከላይኛው ቅርፊት ሥር ተጠግቶ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ በጀርባዋ ላይ የደረሰ ጥልቅ ስንጥቅ ከአጥንት አልፎ እስትንፋሷን ሊነካ ይችላል። ይህን የተረዳ ሰው የተሰነጠቀችን ኤሊ አጥንቱ እንደ ተሰበረ ሰው በጥንቃቄ ያነሣታል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የእጅ ጓንት አጥልቀው፣ ጓንት ከሌለም ንጹሕ ጨርቅ ይዘው፣ በሁለት እጅ ከጎንና ከጎን ጨብጠው ያንሧት፤ ውሻውን ያርቁ፣ ልጆችንም ያግልሉ፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ ያስቀምጧት። ወደ ኩሬዋ ግን አይመልሷት። ይህ ትእዛዝ ከሁሉ የሚቀድም ነው፤ ምክንያቱም «የውሃ እንስሳ ስለ ሆነች ውሃው ያሽራታል» የሚለው የዋህ አስተያየት፣ በኩሬው ውስጥ የተጠራቀመው ኩስና የበሰበሰ ምግብ በተከፈተው አጥንት እንዲገባ በር ከፍቶ ብዙ ኤሊዎችን ያጠፋ ነው። ደም የሚፈስ እንደ ሆነ በታጠፈ ንጹሕ ጎዝ ጥቂት ደቂቃ ጫን አድርገው ይያዙት። የማትንቀሳቀስ ብትሆንም ሞታለች ብለው አይቸኩሉ፤ የኤሊ ልብ በብርድና በድንጋጤ ጊዜ እጅግ በዝግታ የሚመታ ነውና፣ በሙቅ ስፍራ ተቀምጣ እስክትመረመር ድረስ ፍርድ አይሰጥባትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው እጥበቱ ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ኖርማል ሳላይን ከተገኘ እርሱ ይመረጣል፤ ካልተገኘም ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ዘጠኝ ግራም ንጹሕ የገበታ ጨው፣ ማለት ልክ ልኩን አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል፣ ማሟሟት ይበቃል። ከአፋር ረባዳ ምድር በግመል ተጭኖ ወደ መቀሌ ሲወጣ የኖረው ጨው ለከተማይቱ የንግድ ታሪክ ትልቅ ክብር ያለው ቢሆንም፣ አፈርና ልዩ ልዩ ማዕድን የተቀላቀለበት ስለ ሆነ ለቁስል ማጠቢያ አልመክረውም። መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ ውሃውን እየገፉ አፈሩንና ፀጉሩን አጥበው ካስወጡ በኋላ፣ የቀጠነ ሻይ መልክ እስኪይዝ በውሃ የተበረዘ ፖቪዶን አዮዲን በጎዝ እየነከሩ ጠርዙን ይጥረጉ። ነገር ግን ከስንጥቁ ውስጥ የአየር አረፋ የሚወጣ፣ ወይም የውስጥ አካል የሚታይ ከሆነ፣ ምንም ፈሳሽ አያፍስሱበት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባልና፣ በንጹሕ እርጥብ ጎዝ ሸፍነው በቀጥታ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

በአገራችን በቁስል ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ፣ ቅቤ መቀባት፣ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን መበተን የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ስንጥቁን በሱፐር ግሉ መድፈን ተጨምሮበታል። ከእነዚህ ሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ያልጸዳ ቁስል በላዩ ሲዘጋበት መግሉ ወደ ውስጥ ይሠራል፣ ባለቤቱም ከላይ ያማረውን እያየ ሲደሰት አጥንቱ ከሥር ይበሰብሳል። ኦክሲጂን ውሃና አልኮልም ሕያዉን ሥጋ ያቃጥላሉ። ለሰው የታዘዘ የሕመም ማስታገሻ ከቶ አይስጧት። ስለ ማር ግን የተለየ ቃል አለኝ፤ አባቶቻችን ቁስልን በማር ማከማቸው ከንቱ አልነበረምና፣ ዛሬም የእንስሳት ሐኪሞች የኤሊን ቁስል በማር የሚሸፍኑበት ጊዜ አለ፤ የትግራይ ነጭ ማርም ስሙ የታወቀ ነው። ሆኖም ይህ የሚሆነው ቁስሉ ከጸዳና ሐኪም ካየው በኋላ፣ በጎዝ ተሸፍኖ በየቀኑ ሲለወጥ ነው፤ ከገበያ የሚገኘው ማር ስኳር የተደባለቀበት ከሆነ ጉንዳንና ዝንብ ከመጥራት በቀር ጥቅም የለውም። ዝንብ ደግሞ በተከፈተ ቁስል ላይ እንቁላሏን ጥላ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ታፈላለችና፣ ካርቶኑ ምንጊዜም በቀጭን መረብ ይሸፈን።

ከላይ የተባለው ሁሉ የመጀመሪያ ርዳታ እንጂ ፈውስ አይደለም። አጥንት የሚነቃነቅ፣ የኋላ እግር የማይታዘዝ፣ በአፍ ወይም በአፍንጫ አረፋ የሚታይ፣ ወይም የውሻ ጥርስ የገባ እንደ ሆነ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ግዴታ ነው፤ የውሻ ንክሻ ከውጭ ትንሽ መስሎ ከውስጥ የሚመረዝ ነውና። መቀሌ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞቻችን የታደለች ናት፤ በቃላሚኖ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አላትና። የአገራችን የእንስሳት ሐኪም ትምህርቱም ልምዱም በይበልጥ በቀንድ ከብት፣ በበግና በፍየል፣ በጋማ ከብትና በዶሮ ላይ ስለ ሆነ፣ ባለ ኤሊው በትሕትና ሁለት ነገር ቢያሳስብ ነውር አይሆንበትም። አንደኛው፣ ለከብትና ለበግ ጥገኛ ተባይ በተለምዶ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ለኤሊ ገዳይ መርዝ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ የኤሊ ደም ከኋላ እግሮቿ ተነሥቶ በኩላሊቷ በኩል የሚያልፍበት መንገድ ስላለው፣ መርፌ የሚወጋ እንደ ሆነ በፊተኛው እግር ቢሆን የሚመረጥ መሆኑን ነው። የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መጠን የሚወሰነው በክብደቷ ነውና፣ ከመሄድዎ በፊት በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኗት፤ ሚዛኑን ግን ከዚያ ወዲያ ለወጥ ቤት አይመልሱት።

ሐኪሙ ከተመለከታት በኋላ የሚቀረው ሥራ የባለቤቱ ነው፤ ያም በሁለት ቃል ይጠቃለላል፦ ደረቅነትና ሙቀት። ኤሊ የራሷን ሙቀት የምታመነጭ እንስሳ ስላልሆነች፣ አካሏ ከበረደ ደሟ በሽታን መቋቋም ይሳነዋል፣ የተሰጣትም መድኃኒት ሥራውን አይሠራም። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺሕ ሜትር በላይ የምትገኝ ወይና ደጋ ናትና፣ ቀን ፀሐይዋ የሚያቃጥል ቢሆንም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ብርዱ ወደ አሥር ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ለቆላ አገር የተጻፈውን ምክር እንዳለ ወስዶ እዚህ መሥራት የማይቻለውም ስለዚህ ነው። የምትታከምበት ሣጥን ሙቀት ቀንና ሌሊት ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ያስፈልጋል፤ ለዚህም ርካሽ ቴርሞሜትር መግዛት ከግምት ያድናል። መብራት ሲኖር በሣጥኑ አንድ ጫፍ ብቻ የሚያበራ አምፖል ይበቃል፣ ሌላው ጫፍ እንድትሸሽበት ቀዝቀዝ ይበል፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ በጎኗ ማስቀመጥና እኩለ ሌሊት ላይ መለወጥ ነው። የጠዋት ፀሐይ ለአጥንቷ ታላቅ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ጥላ በሌለው ሳፋ ውስጥ በፀሐይ ላይ ትቶ ወደ ገበያ መሄድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀቅሎ መግደል ነው።

በደረቅ ስፍራ ትቀመጥ ስል ውሃ ትከልከል ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ቁስሉ በማይነካበት መጠን ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ በቀን አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ትቀመጥ፤ የውሃ ኤሊ ምግቧን የምትውጠው በውሃ ውስጥ ስለ ሆነ የምትመገበውም ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባትበላ አያስጨንቅም። ከዚያ በኋላ ከነአጥንቱ የተከተፈ ትንሽ ዓሣ፣ የመሬት ትል፣ አልፎ አልፎም ጥቂት ጉበት ከጭንቅላቷ መጠን በማይበልጥ ልክ በየሁለት ቀኑ ይሰጣታል፤ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ቢነሰነስበት ለሚጠገነው አጥንት ይጠቅማል። እንጀራና ዳቦ የእርሷ ምግብ አይደለም። ከውሃው ስትወጣ በንጹሕ ጨርቅ ትደርቅና ቁስሉ እንደገና ይጠረግ። የቆዳ ቁስል በሳምንታት ይሽራል፤ የቅርፊት ስብራት ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ የሚፈጅ ስለ ሆነ፣ ነጋ ጠባ እየነካኩ የሚያዩት ነገር አይደለም። ክፉ ሽታ፣ መግል፣ ወይም በሆዷ ቅርፊት ላይ ቀይ ምልክት ከታየ ወደ ሐኪም መመለስ ነው።

ስለ ኩሬው

ኤሊዋ በቤት ሳለች ኩሬውን ባዶ አድርገው በዙሪያው ይመላለሱና እንዴት እንደ ቆሰለች ራስዎን ይጠይቁ። ውሻ ከገባ አጥሩ ነው ጥፋተኛው፤ ከወደቀች ጠርዙ ነው፤ ቅርፊቷ ያለ ምት የሚበሰብስ እንደ ሆነ ውሃው ነው።

በትግራይ በ1990ዎቹ አጋማሽ በየገበሬው ማሳ የተቆፈሩት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች፣ ሕዝቡ ሆሮዮ የሚላቸው፣ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ትምህርት ይሰጣሉ። ብዙዎቹ ግድግዳቸው ቀጥ ያለና በፕላስቲክ የተለበጠ ስለ ነበር፣ የገባባቸው እንስሳ መውጫ አያገኝም ነበር፤ ውሃቸውም በስርገትና በትነት ያልቅ ነበር። የግቢ ኩሬ የሚሠራ ሰው ይህንኑ ስሕተት በትንሹ ይደግመዋል፤ ግድግዳውን በሲሚንቶ ልስን አለሳልሶ ቀጥ ያደርገውና ኤሊዋ ለመውጣት ስትፍጨረጨር የሆድ ቅርፊቷን ትልጣለች፣ ጥፍሯንም ትነቅላለች። ስለዚህ የኩሬው አንዱ ወገን በዝግታ እያዘቀዘቀ የሚወርድ፣ ሻካራ ጠጠር የተነጠፈበት ይሁን፤ ሌላው ወገን እስከ ስድሳ ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ። ጥልቀቱ ለዋና ብቻ አይደለም፤ ብዙ ውሃ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊቱን ይዞ ያድራልና፣ የመቀሌን የቀንና የሌሊት ልዩነት የሚያለዝበው እርሱ ነው። ስፋቱ ለአንዲት ኤሊ ከሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ባያንስ፣ ቦታውም የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከቀትር በኋላ የዛፍ ወይም የግንብ ጥላ የሚያርፍበት ቢሆን መልካም ነው።

ድንጋይ ለመቀሌ ሰው ብርቅ አይደለም። ለመሞቂያ የሚሆናት ሰፊና ጠፍጣፋ የኖራ ድንጋይ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ ነገር ግን ሥሩ በሲሚንቶ ይያዝ፤ የሚንሸራተት ድንጋይ ከበላይዋ ወድቆ ስንት ቅርፊት ሰብሯል። አዲስ ሲሚንቶ ኖራውን ወደ ውሃ የሚለቅ ስለ ሆነ፣ ኩሬው ከተለሰነ በኋላ ሞልተው ጥቂት ቀን አቆይተው ይደፉት፤ ይህንንም ለጥቂት ሳምንታት ይደጋግሙት፤ የኤሊዋ የሕክምና ጊዜ ለዚህ በቂ ነው። ይህ ካልተደረገ ኖራ የተለቀቀበት ውሃ የኤሊዋን ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል።

የውሃው ነገር በዚህች ከተማ ከሁሉ የከበደ ነው። ከአይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ጠጣር ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያን ነጭ ቢያደርግም ኤሊን አይጎዳም። የሚያስቸግረው ውሃው በተራ የሚለቀቅ መሆኑና ሰው ለመጠጥ በጄሪካን ተሰልፎ ባለበት ቀን ለኤሊ ኩሬ መሙላት ለኅሊና የሚከብድ መሆኑ ነው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ የሚዘንበውን ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ ወደ ሮቶ ማጠራቀም እመክራለሁ፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ይፍሰስ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ይጠራቀም። በደረቁና ነፋሻው ወራት ከኩሬው ፊት በየቀኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚተን ስለ ሆነ፣ አንዱን ወገን በሳር ጣራ መሸፈን ብዙ ውሃ ያተርፋል። የቧንቧ ውሃ የሚጨመር ከሆነ ክሎሪኑ እንዲለቀው አንድ ቀን በክፍት ዕቃ ይደር። ከኩሬው የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ለሎሚና ለዘይቱን ዛፍ የተመረጠ ማዳበሪያ ነው፤ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣና ቃሪያ ግን አይፍሰስ።

ውሃን ሳይደፉ ማጽዳትም ይቻላል። ጠጠር የተሞላ በርሜል ከኩሬው በላይ አስቀምጠው፣ በትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ በርሜሉ ሥር ቢያስገቡና ከላይ ሞልቶ ወደ ኩሬው እንዲፈስ ቢያደርጉ፣ በጠጠሩ ላይ የሚኖሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ከኩስና ከሽንት የሚመጣውን አሞኒያ ብዙም ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። እነዚህ ተሕዋስያን አየር የሚሹ ሕያዋን ናቸውና፣ ጠጠሩን በክሎሪን አያጥቡት፤ መብራት ለብዙ ሰዓታት ጠፍቶ ሲመለስም በበርሜሉ ውስጥ የሸተተውን ውሃ መጀመሪያ ውጭ ያፍስሱ። በበርሜሉ አፍ ላይ ደንገል ወይም ፊላ ቢተከል የቀረውን ይመጥጣል። እምቦጭን ግን አበባው ቢያምርዎም አያምጡ፤ ጣናን ያስጨነቀ አረም ከአንድ ግቢ ወደ ኢላላ ወንዝ ቢወርድ ተጠያቂው ማን ይሆናል? ከሁሉ በላይ ግን የተረፈ ምግብን በዚያው ቀን ማውጣት ከማንኛውም ማጣሪያ ይበልጣል፤ አስተዋይ ሰው ኤሊውን በሌላ ሳፋ መግቦ ወደ ኩሬው ይመልሳል።

አጥሩ ኤሊዋ ልትቆናጠጥበት የማትችል ለስላሳ፣ ከመሬት በላይ ሃምሳ፣ ከመሬት በታችም ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ይሁን፤ ለውሻና ለሕፃን ሲባል ግን በዙሪያው ከፍ ያለ የሽቦ መረብ ይጨመርበታል። ቁራና ጭልፊት ለታናናሽ ኤሊዎች ጠላት ናቸውና ከላይም መረብ ይዘርጋ። ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ ምንም ሳትታመም ልትሸከም ስለምትችል፣ የነካት ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ዕቃዋም በወጥ ቤት አይታጠብ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ቢታቀቡ ይሻላል።

ቁስሉ ደርቆ ጠንካራ ሽፋን ከያዘና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ መመለሷ በአንድ ቀን አይሁን። ፀሐይ በሞቀችበት ረፋድ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነው ወገን ያስገቧትና ከአጠገቧ ይቀመጡ፤ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ የምትንሳፈፍ ወይም ጠልቃ መውረድ የሚያቅታት ከሆነ ሳንባዋ አልዳነምና ወዲያው አውጥተው ወደ ሐኪም ይመልሷት። ቀጥ ብላ ከዋኘች ከሰዓት በኋላ አውጥተው ያድርቋትና በሣጥኗ ትደር፤ በሚቀጥሉት ቀናት ሰዓቱን እያረዘሙ ይሂዱ። ሕክምናዋ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ያለቀ እንደ ሆነ ግን የሌሊቱ ብርድ እስኪያልፍ፣ ማለት እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ፣ በቤት ውስጥ ትቆይ፤ ኩሬውም እስከዚያው ሞልቶ፣ ማጣሪያው እየሠራ ይጠብቃት።